ከአማቴ ጋር የተራብንበት መርከብ

በአትላንታ ዳርቻ ካለችው ከቻምብሊ የወጣነው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ ሜሮንና አባቷ ጋሽ አያሌው። እስከ ፍሎሪዳ ወደብ በመኪና፣ ከዚያ ባሃማስ ደርሶ መልስ በመርከብ። ለጠየቀን ሁሉ የአባቷ መሰናበቻ ሽርሽር ነው እንላለን። ጋሽ አያሌው ሊጠይቁን ከኮምቦልቻ መጥተው አምስት ወር ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል፤ አሁን መመለሻቸው ደርሷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። እውነተኛውን የጉዞ ምክንያት የምናውቀው ግን እኔና ሜሮን ብቻ ነን።

«እኔ ብለምነው ልጅነት ነው የሚመስለው» አለችኝ ሻንጣ ፓክ ስታደርግ። «የቤቱ አባወራ አንተ ነህ። አንተ በአፍህ ቅሩልን ካላልከው አይቀርም። እማዬ የለችም፤ ልጄ ሲወለድ እሱ እንኳ እንዲኖር እፈልጋለሁ። እዚያ መርከብ ላይ ሥራ የለህ፣ ስልክ የለህ፤ ቁጭ ብለህ አናግረው። ኦኬ?»

ሜሮን አራተኛ ወሯን ይዛለች። ኦኬ አልኩ። በዚያ ሰሞን ለሁሉም ነገር ኦኬ ነበር የምለው፤ ለመከራከርም ጉልበት ይጠይቃል። ኤርፖርት ታክሲ እነዳለሁ። ሰው ሳይነሳ እወጣለሁ፣ ተራዬን ስጠብቅ እውላለሁ፣ ሲመሽ እገባለሁ። ከጋሽ አያሌው ጋር በአምስት ወር ውስጥ የተነጋገርነው ቢሰበሰብ አንድ ሻይ አያስጨርስም።

ደግሞ አማትና አማች ነን። አንቺና አንተ የሚባባል ትውልድ ይህ አይገባው ይሆናል። እኔ እሳቸውን እርስዎ እላለሁ፤ እሳቸውም እኔን፣ ልጃቸው የምሆነውን ሰውዬ፣ አቶ ዳንኤል እርስዎ ይሉኛል። አማት ፊት ጠግቦ መብላት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሶ ተመስገን ማለት ነው። ከቀኑ ሥራ በኋላ ይህ ከበደኝና አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፤ መንገድ ላይ ምግብ ገዝቼ አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ እበላለሁ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቼ «በልቻለሁ» እላለሁ። ውሸት የለበትም።

ወደ ደቡብ

ሰባ አምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ከአትላንታ ወደ ደቡብ ሲወርድ የሚታይ ነገር እምብዛም ነው። ጥድ፣ ማስታወቂያ፣ ጥድ፣ ነዳጅ ማደያ። ሜሮን ከኋላ ጋደም ብላለች። ጋሽ አያሌው ከፊት አጠገቤ ተቀምጠው መንገዱን ይመረምራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ውሃ መውረጃው ጥሩ ነው» አሉ ሜከን ከተማ ላይ።

«አዎ ጋሼ።»

ሁለት ሰዓት ያህል ነዳን። «እዚህም ጥሩ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

ወሬያችን ይኸው ነበር። ቲፍተን የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ መንገድ ዳር የተቀቀለ ኦቾሎኒ የሚሸጡ ሴትዮ አገኘንና ቆምን። ረቡዕ ስለሆነ ጋሽ አያሌው ጾመኛ ናቸው፤ ማደያ ውስጥ ያለው ሁሉ ቅቤና አይብ የነካው ነው። ሴትዮዋ ከትልቅ ብረት ድስት ውስጥ በጭልፋ ቀድተው፣ ትኩሱን ከነልጣጩ በወረቀት ኩባያ ሰጡን።

ጋሽ አያሌው አንዱን ፈልፍለው ቀመሱ። «ቀቅለውት ነው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እንጃ ጋሼ።» እሳቸውም ደግመው አልጠየቁም፤ ኩባያውን ግን ፍሎሪዳ ሳንገባ ባዶ አደረጉት። ያን ቀን ሲበሉ ያየኋቸው ያንን ብቻ ነው። እኔ ጾመኛ አይደለሁም፤ ሆኖም አማቴ ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ አጠገባቸው ዶሮ መጋጥ አልሆነልኝም። ወደቡ አጠገብ ሞቴል ይዘን እየተራብኩ ተኛሁ።

መርከቡ

ሐሙስ ሻንጣ አስረክበን፣ ፓስፖርት አሳይተን፣ ተሰልፈን፣ እንደገና ተሰልፈን ገባን። መርከቡ ማለት ወለሉ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ሆቴል ነው። ክፍላችን ጠባብ ነች፤ ሦስት አልጋ፣ አንዱ ከግድግዳ የሚወርድ። የምግብ አዳራሹ ከላይኛዎቹ ፎቆች በአንዱ ላይ ነው፤ ግራና ቀኙ መስታወት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምግብ። ጠዋት ተከፍቶ እስኪመሽ አይዘጋም፤ አስቀድሞ ተከፍሎበታል፣ የፈለጉትን ያህል ይበላሉ። ለስላሳ መጠጥ ግን ለብቻው ያስከፍላሉ፤ ውሃና ሻይ በነፃ ነው።

ለሚሄድ ሰው የተማርኩትን ልናገር። በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ የእጅ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ በሩ አጠገብ ባለው የመጀመሪያ መደዳ ላይ ይረባረባል። እሱን አልፎ ወደ መርከቡ ጀርባ መሄድ ነው፤ ያው ምግብ እዚያም አለ፣ ሰልፍ የለም። እኛ ይህን ሳናውቅ በአውሮፕላን ማረፊያ ጓዝ መሃል እንደተገፋ ሰው ቆመን ቀረን።

መርከቡ ከወደቡ ሲወጣ ሜሮን ፊቷ ተለወጠ። «ዳኒ፣ ወለሉ እየሄደ ነው» ብላ ክፍላችን ገባች፤ ከዚያ ወዲያ እስከ እሑድ አልጋዋን አልለቀቀችም። አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩት እየወሰድኩላት በዚያ ነው የቆየችው። ለመብላት የቀረነው ሁለታችን ነን፤ አማችና አማት።

ሐሙስ እራት

ጋሽ አያሌው በመስኮት በኩል ጠረጴዛ መርጠው ተቀመጡ፤ እጃቸውንም ታጥበው መጥተዋል።  እኔም ተቀመጥኩ። ዙሪያችን ሰው ሳህን ይዞ ይመላለሳል፤ እኛ ሰርግ ቤት ገበታ እንደሚጠብቅ ሽማግሌ ቁጭ ብለናል። ቀስ ብሎ ገባኝ። በእሳቸው ቤት እንግዳ ተነስቶ ምግብ አያነሳም፤ ያቀርቡለታል፣ እንቢ ይላል፣ በሞቴ ይሉታል፣ ከዚያ ይበላል። እዚህ በሞቴ የሚል ሰው የለም።

«ጋሼ፣ ይነሱና የሚወዱትን ያንሱ» አልኳቸው።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ እርስዎ።»

«የለም፣ እርስዎ።»

በመጨረሻ እኔ ተነስቼ ለሁለታችንም አመጣሁ። ለሰው ምግብ ማንሳት ከባድ ነው፤ ብዙ ባነሳ ሆዳም ያልኳቸው ይመስላል፣ ጥቂት ባነሳ መሰሰት ይሆናል። መካከለኛ አድርጌ ሩዝ፣ ዓሣ፣ ትንሽ የተጠበሰ ሥጋ አቀረብኩ። ሦስት ጊዜ በሹካ ጎረሱና «ተመስገን» አሉ። ታላቅ ሰው ተመስገን ካለ በኋላ እኔ እንዴት እቀጥላለሁ? ሹካዬን አስቀመጥኩ። እዚህ ላይ ሌላ ምክር፤ በዚያ አዳራሽ ሹካዎን ሳህኑ ላይ ካሳረፉ ጨርሰዋል ማለት ነው። አስተናጋጁ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሁለቱንም ሳህን አንስቶ ሄደ። የእኔ ዓሣ ገና አልተነካም ነበር። በዓይኔ ሸኘሁት።

«ነገርከው?» አለች ሜሮን ክፍል ስገባ።

«ገና ነው። ዛሬ ባሕሩን ተለማመድን።»

ዓርብ

ጾም ነው። ጠዋት ሰው እንቁላል ሲያስጠብስ እኛ ባሕር እናያለን። ጋሽ አያሌው እስከ ቀትር አይቀምሱም፤ እኔም «አልራበኝም» ብዬ አብሬ ዋልኩ። መርከቡ የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ላይ ቆመና ወረድን። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። ገበያው ውስጥ ትንሽ ዞረን፣ ለሜሮን የገለባ ባርኔጣ በአሥር ዶላር ገዝተን፣ የባሕር ቀንድ አውጣ ለሰው ከትፈው በሎሚ የሚያቀርቡበት ዳስ አልፈን ተመለስን። ጋሽ አያሌው ስለዳሱ ምንም አላሉም፤ እርምጃቸውን ብቻ ፈጠን አደረጉ።

ለጾመኛ፣ በአዳራሹ የኋላ ጥግ የህንዶች ምግብ አለ። ምስሩ ከእኛው ምስር ሩቅ አይደለም። አረንጓዴ ፎሶሊያ ሲያዩ ግን አትክልት ነው ብለው አይቸኩሉ፤ አሳማ ከትተው ነው የሚያበስሉት። ከእያንዳንዱ ምግብ ፊት ጽሑፍ አለ፣ ካልገባዎት ይጠይቁ። እኔ ጠይቄ ምስርና ሩዝ አመጣሁ።

«ምስሩ ደህና ነው» አሉ ጋሽ አያሌው። ሁለት ማንኪያ በሉ። ተመስገን።

የዚያን ቀን ከሰዓት መርከቡ ይናጥ ጀመር። ባሕር ሲነሳ ሾርባ መያዝ ሞኝነት ነው፤ የእኔ ሸሚዝ ምስክር ነው። ድካሙ፣ ረሃቡ፣ ሜሮን በየሰዓቱ «ነገርከው?» ማለቷ ተደማምሮ ቤቴን ናፈቅሁ። ቤቴ ስል ሳሎኑን ማለቴ አይደለም፤ መኪናዬን ነው።

«ምን እየጠበቅክ ነው፣ ሲሪየስሊ?» አለችኝ።

«ሲበሉ ልነግራቸው ነው። አይበሉም እኮ።»

«እሱም ስላንተ እንደዚያ ነው ያለኝ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እዚያ ላይ ልነቃ ይገባኝ ነበር። አልነቃሁም፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቅዳሜ

ቅዳሜ መርከቡ የትም አይቆምም። ምሳችንን በተለመደው ሥርዓት በላን፤ ማለትም አልበላንም። ጋሽ አያሌው «ትንሽ ጋደም ልበል» አሉ። እኔ «እኔ ደግሞ ነፋስ ልቀበል» አልኩ። ተለያየን። ጥቂት ጠብቄ ቀጥታ ወደ ምግብ አዳራሹ ወጣሁ።

ለጠየቀኝ ሁሉ የምመክረው ሰዓት ይህ ነው፤ ምሳ አልቆ እራት ሳይጀመር። አዳራሹ ባዶ ነው፣ ሠራተኞቹም ዘና ብለዋል። በዚህ ሰዓት ዳር ያሉት መደዳዎች ይዘጋሉ፣ የመሃሉ ግን ክፍት ነው። መጀመሪያ ሳህን ሳይያዝ አንድ ጊዜ ዞሮ ሁሉን ማየት ይገባል፤ አለበለዚያ ሳህኑ በዳቦና በሰላጣ ይሞላና ሥጋው ጋ ሲደርሱ ቦታ ያጣሉ። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ተርቤያለሁ። የተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ድንች፣ ሁለት ቁራጭ ፒዛ፣ ከላዩም ዳቦ። ሰው እንዳያየኝ ከትልቁ ምሰሶ ኋላ ወዳለው ጠረጴዛ ዞርኩ።

ጋሽ አያሌው እዚያ ተቀምጠዋል።

ፊታቸው ሁለት ሳህን አለ። አንዱ ሥጋ ብቻ ነው፤ በሌላው ላይ ዓሣው በሩዝ ላይ፣ ዳቦው በዓሣው ላይ ተደርቧል። አፋቸው ሙሉ ነው። እኔም ሳህኔን ይዤ ቆምኩ፤ የት ልደብቀው? የፒዛው ጫፍ ተንጠልጥሏል።  መሬት ብትሰነጠቅ እገባ ነበር፤ ከእግሬ በታች ያለው ደግሞ ባሕር ነው።

የጎረሱትን ዋጡ። በሹካቸው ፊት ለፊታቸው ያለውን ወንበር አመለከቱኝ። «ይቀመጡ» አሉ። ከዚያ ሳቁ። ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ያዘኝ።

«ለካ ሁለታችንም በረሃብ ልናልቅ ነበር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

በላን። ማንም ተመስገን ሳይል፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ በላን። ሳህኔ ሲጋመስ ጋሽ አያሌው ሹካቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ አስተናጋጁን ለምደውታል፣ ቀና አሉ።

«አንድ ነገር ልበልዎ፣ አቶ ዳንኤል። የተኛሁባት ክፍል መስኮት ፓርኪንጉን ነው የሚያሳየው።»

ዳቦዬን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሲመጡ አይዎታለሁ። መብራቱን አጥፍተው ይቀመጡና ይበላሉ። ከዚያ ወደ ላይ ይመጡና በልቻለሁ ይሉናል። መጀመሪያ ከሜሮን ጋር ሆድና ጀርባ ሆናችሁ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ሳስበው፣ እኔ ከመጣሁ ወዲህ ነው። ሰውዬው በገዛ ቤቱ ገበታ መቅረብ ያቃተው በእኔ ምክንያት ነው አልኩ። እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ጨርቅ ይባል የለ? ሰው ሳይነግረኝ ልሂድ ብዬ ነው ትኬቱን ቁረጪልኝ ያልኳት።»

አዘንኩ። በጣም አዘንኩ። እኒህ ሰው አምስት ወር ሙሉ ከመስኮት እያዩኝ፣ ባየኋቸው ቁጥር ደግሞ «እንዴት አመሹ» ብቻ ብለውኝ፣ ይህን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብለው ችለዋል።

«ጋሼ፣ ጠልቼዎት አይደለም» አልኩ። «እርስዎ ፊት መብላት አፍሬ ነው። ደግሞ ደክሞኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር ሳወራ እውልና፣ ማታ እጄን ሰብስቤ ሦስት ጊዜ ጎርሼ ተመስገን ለማለት አቅም አጣለሁ። ቢያንስ መኪናዬ ውስጥ ማንም አያየኝም ብዬ ነው።»

«እኔስ ምን የምሆን ይመስልዎታል? እርስዎ ሥራ በማይገቡበት ቀን ሁሉ ተርቤ ነው የማድረው።»

እንደገና ሳቅን፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ እንደማላገኝ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ይቅሩልን። የልጅ ልጅዎ ሲመጣ ቤት ይሁኑልን። የምልዎት ሜሮን ስላለችኝ ብቻ አይደለም።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ባሕሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚመረመር መንገድ የለበትም። «ሰው ባሕር ላይ ብዙ ይላል» አሉ። «መጀመሪያ ቤታችን እንግባ።»

እሑድ

ሜሮን ተነሳች፤ ባርኔጣዋን አድርጋ አብራን ቁርስ ወጣች። አባቷ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዞሩ አየች፤ እያንዳንዱን ትሪ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ያልፋሉ። ሳህን ያነሱት ዙሩን ከጨረሱ በኋላ ነው። ኦምሌት የሚሠራውን ልጅ በጣታቸው ሁለት እንቁላል አሳይተው አሠሩ። ከዚያ መጥተው የእኔን ሳህን ተመለከቱ።

«ጥቂት ነው። ይጨምሩ» አሉኝ።

«ምን ሆናችሁ ነው እናንተ?» አለች ሜሮን አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን እያየች። ወደ ጆሮዬም ጠጋ ብላ «ነገርከው? ምን አለ?»

«ቤት እንግባ አሉ።»

«ምን ማለት ነው?»

አላውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ አብረን በላን፣ ስለ አስፋልትም አወራን፤ ስለ ትኬቱ ግን አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ማታ ሻንጣቸውን ሲያስተካክሉ የአገር ቤት ስጦታ የሚሆን የዛጎል ሐብል ሲጠቀልሉ አየሁና ተስፋ ቆረጥኩ። ሜሮንም አየች። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ሳለ እሷ ግን እንደገና ተኛች።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

የመውረጃው ቀን ጠዋት ለምግብ አዳራሹ ከሁሉ የከፋ ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ከነሻንጣው ይመጣል፤ አንድ ሰው ወንበር ላይ ትታችሁ ካልሄዳችሁ መቀመጫ አታገኙም። ሙዝ ይዘን ወረድን።

መንገዱ ረዘመብኝ። ኦቾሎኒ ሻጯ አልነበሩም፤ ድስታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር አመድ ብቻ አለ። ጋሽ አያሌው ዞር ብለው አዩት። አትላንታ ዳር ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ ወገቤ ተቆርጦ የወደቀ መሰለኝ። ሜሮን «እንጀራ ካልበላሁ እሞታለሁ» ስላለች ብሪያርክሊፍ መንገድ ላይ ካሉት የእኛ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ቆሜ ጥብስና ሽሮ በሣጥን አስጠቀለልኩ።

ቻምብሊ ደርሰን ፓርክ ሳደርግ ገና ብርሃን ነበር። ሜሮን ሽንት ቤት ቸኩላ የራሷን ሣጥን ይዛ ወደ ላይ ሮጠች። እኔ ሻንጣ ላወርድ በሬን ስከፍት ጋሽ አያሌው አልተነሱም። ቀበቷቸውን ፈትተዋል፤ ግን ተቀምጠዋል።

«የሚበሉት እዚህ ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ ጋሼ። እዚሁ ነው።»

«እስቲ ይዝጉት።»

በሩን ዘግቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የቀረውን ሣጥን ከእግራቸው ሥር አንስተው በሁለቱ ወንበሮች መካከል ከፈቱት። እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው በውሃ ጠርሙስ አስታጠብኳቸው፤ ውሃው አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ባረኩና ጀመርን። ወደ ላይ ቀና ብዬ መስኮታቸውን አየሁ፤ እውነትም ከዚያ ሁሉም ነገር ይታያል። ጋሽ አያሌው ሥጋውን በእንጀራ ጫፍ እየገፉ ወደ እኔ በኩል ሰበሰቡት።

«ብላ እንጂ» አሉኝ።

በላሁ። ጉዞው ምን አስተማረህ የሚለኝ ካለ፣ ስለ ቡፌ ያወቅሁትን ከላይ ጽፌያለሁ፤ ስለ ሰው ያወቅሁት ይህ ነው። ተርቦ ፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው እንዳላየው ያደረገኝ አክብሮቴ ነበር።

ሣጥኑ ሊያልቅ ሲል ጋሽ አያሌው የመኪናውን ውስጥ ዞር ዞር ብለው አዩ፤ የኋላ ወንበሩን፣ ጣሪያውን፣ በሩን።

«ልጁ ሲመጣ አራት ነን» አሉ።

«አራት ነን ጋሼ።»

«ይህች መኪና ለአራት ሰው ገበታ አትበቃም። ከነገ ጀምሮ ላይ ነው የምንበላው።»

መስኮቱ ተከፈተና ሜሮን አንገቷን አወጣች። «ምን እያደረጋችሁ ነው እዚያ? አባዬ፣ ለምን አትወጡም?»

ጋሽ አያሌው በሩን ከፍተው ወረዱና ወደ ላይ አንጋጠጡ። «እየበላን ነው» አሏት። «ያንን ትኬት አስመልሺልኝ።»

እኔ ባዶውን ሣጥን አጣጥፌ፣ ሻንጣቸውን ይዤ ከኋላቸው ደረጃውን ወጣሁ።